የገንዳው ቡናማ እድፍ

ባሌሴንግ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት ተቆጣጣሪነት ስትዞር ያስለቀሰቻቸው መምህራን ቢሰበሰቡ የማፊኬንግን ስታዲየም ሞልተው በር ላይ ይጋፉ ነበር። ጡረታ ስትወጣ የምታስለቅሰው መምህር አጣች። ደግነቱ አማች ነበራት።

አማቿ ፌንዮ የፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኝ ነው። አንድ ልጇን ጎራታን ካገባ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ላይ የናቀችው ጣቱ ሁልጊዜ በቀለም ስለሚጠቁርና ሲበላ ስለሚያፏጭ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ለንቀቷ በቂ ምክንያት አገኘች። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሊቀባ ተገዝቶ ከተቀመጠው ሰማያዊ ቀለም ሁለት ቆርቆሮ ጠፋ፤ በዚያው ሳምንት ባሌሴንግ በፌንዮ ፒካፕ የኋላ ወለል ላይ የደረቀ ሰማያዊ ጠብታ አየች። ለሽማግሌዎቹ አልከሰሰችውም፤ የቤተሰብ ገመና ነውና። የነገረችው ለሁለት ሴቶች ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም የመረጠቻቸው ምስጢር እንደማይቋጥሩ ስለምታውቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ፌንዮ በቤተ ክርስቲያን የሙዳየ ምጽዋት ሳህን ይዞ እንዲዞር ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። እሱም አንድም ቀን አልተከራከረም። ለባሌሴንግ ዝምታው ከጠብታው የባሰ ማስረጃ ነበር።

በዚያ የታኅሣሥ እሁድ ፌንዮ የዋና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በሁለት እጁ ሁለት ጠርሙስ የአልጌ ማጥፊያ ይዞ መዋኛ ገንዳው ዳር ቆሟል። ሦስተኛው ጠርሙስ ባዶውን እግሩ ሥር ወድቋል። ገንዳው ደግሞ ያሳዝናል። ውሃው የጎመን ቅቅል መስሏል፤ ደረጃው ላይ የተለጠፈው ዝልግልግ አልጌ በእግር ቢነኩት ያንሸራትታል፤ ከጎረቤት ባሕር ዛፍ የረገፈው ቅጠል ከላይ እንደ ክዳን ተንሳፍፏል።

ገንዳው የባሏ የሞትላሌ ነበር። ሞትላሌ ከሞተ ዓመት ከአንድ ወር ሆኖታል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ደግሞ የመቃብር ሐውልቱ ይገለጣል፤ ዘመድና ምእመን ሁሉ ከመቃብር ሲመለስ እዚህ ግቢ ነው የሚበላው። በሞትላሌ ዘመን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ገንዳውን አይቶ ነበር ሰላምታ የሚሰጠው። ጥልቁ ጋ ሳንቲም ቢጥሉ ከላይ ሆነው ዘውድ ይሁን ጎፈር ይለያሉ። ሞትላሌ ማንንም አያስነካም ነበር፤ ሚስቱን ጭምር። «አንቺ መምህራንሽን ተቆጣጠሪ፣ እኔ ውሃዬን» ይላት ነበር። ከተሠራ ወዲህ ግንበኛ ነክቶት እንደማያውቅ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ስንጥቅ እንዳላወጣ ለሰማው ሁሉ ይምላል። ባሌሴንግም ባሏን በገንዳው፣ አማቿን ደግሞ በባሏ ስትለካ ኖራለች።

«መመሪያውን አንብበኸዋል?» አለችው በረንዳው ላይ ከተቀመጠችበት።

«አንብቤዋለሁ እማ። አንድ ክዳን ይላል። አልጌው ብዙ ስለሆነ ሦስት ጠርሙስ አደረግኩት።»

«ሐኪም አንድ ኪኒን ሲያዝልህ ሦስት ፓኬት የምትውጥ ከሆነ ልጄ ሳትሸብት መበለት ትሆናለች።»

ፌንዮ ሳቀ። የሚያናድዳትም ይኼ ነው፤ ሲሰድቡት እንደ ተመረቀ ሰው ፈገግ ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ክሎሪን በባልዲ ደፋበት። አረንጓዴው ውሃ ወተት የተቀላቀለበት መሰለ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ነጩ ደረጃ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ተለወጠ። ባሌሴንግ ተንበርክካ በጥፍሯ ፋቀችው። አልለቀቀም።

«ፌንዮ፣ ና እስቲ። ጠርሙሱ ላይ ምን የሚል ነው የተጻፈው? ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

«መዳብ... ይላል እማ።»

«መዳብ! ሦስት ጠርሙስ መዳብ ገንዳ ውስጥ ደፍተህ በላዩ ክሎሪን ስትጨምርበት መዳቡ ወዴት የሚሄድ መሰለህ? ወደ ሰማይ? ግድግዳው ላይ ነው የሚቀመጥ! የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ነው። ዜሮ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን በእጇ አደረገች። ማለት፣ ትእዛዙን በእጇ፣ ብሩሹን በፌንዮ እጅ። ከሥራ በፊት እየመጣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ይፈትጋል። ክሎሪኑን ቀን ፀሐይ እንዳይበላው አመሻሽ ላይ ይጨምራል። ማጣሪያው ቀኑን ሙሉ ያጓራል፤ በየጠዋቱ ቆሻሻው ታጥቦ ይወጣል። የደረጃውን የመዳብ እድፍ በቫይታሚን ሲ ዱቄት አሽታ አሽታ አስለቀቀችው። ጎራታ ከሥራ ስትመለስ አጥሩን ተደግፋ ታያቸውና «ሁለታችሁም እንደ ሕፃን» ትላለች። ለባሏ ግን ከቤት ሻይ ታመጣለታለች።

በአራተኛው ቀን ውሃው ጠራና ወለሉ ታየ። እድፉም የዚያን ጊዜ ነው የታየው።

ወለሉ ወደ ጥልቁ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት በላይ፣ በጎን ግድግዳው ላይ፣ ከውሃው አንድ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ፣ ክንድ የሚያህል ቡናማ መስመር ወርዷል። የጠቆረ ሻይ ፈስሶ የደረቀበት ይመስላል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

ፌንዮ ብሩሹን ያዘና ወደ ሌላው ጥግ ዞረ። «የቅጠል እድፍ ነው እማ። ከባሕር ዛፉ ነው። በራሱ ጊዜ ይለቃል።»

ይህን ሲል አልሳቀም። አሥራ ሦስት ዓመት ስታየው በኖረችው ፊት ላይ ፈገግታ ያጣችው የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ተቆጣጣሪ ደግሞ የሚሸተው እንዲህ ያለውን ነው።

የሞትላሌን አሮጌ ካልሲ አመጣች፤ ክሎሪን ሞላችበትና በረጅም እንጨት ጫፍ አስራ እድፉ ላይ አሳረፈችው። የቅጠል እድፍ ቢሆን ክሎሪን ያነጣዋል። ሩብ ሰዓት ጠበቀች፤ ምንም። ከዚያ ቫይታሚን ሲ ኪኒኖች በሌላ ካልሲ አድርጋ ቦታው ላይ ተጫነችው። ስታነሳው በቡናማው መስመር መካከል የእጅ መዳፍ የሚያክል ቦታ ነጥቷል።

«ብረት!» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ድል ነበረ። «ብረት የሚያበቅል ባሕር ዛፍ የትኛው አገር ነው ያለው ፌንዮ? ስጠኝ አድራሻውን፣ ሄጄ ዘሩን ልግዛ።»

«እማ፣ ይተዉት። ለሐውልቱ ቀን ማን ያየዋል? ጥላ ነው።»

«ውሃውን እስከ ግማሽ እናውርደውና ልየው።»

«ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን በሚጠፋበት ከተማ? ደግሞ ገንዳ ባዶ ሲሆን ከመሬት ተነቅሎ ይነሳል ይባላል። እማ፣ እለምንዎታለሁ።»

«ማነው ባዶ ይሁን ያለ? ግማሽ አልኩህ።»

«ከሐውልቱ በኋላ» ብሎ ብሩሹን ግድግዳ አስደገፈና ወደ ሥራው ሄደ።

ከሐውልቱ በኋላ! ባሌሴንግ ‘በኋላ’ የሚል መምህር ያባረረች ሴት ናት። ረቡዕ ጠዋት ማጣሪያው ላይ ያለውን እጀታ ጽሑፉን እያነበበች ውሃውን ወደ ውጭ ወደሚያፈስሰው ምልክት አዞረችውና ፓምፑን አስነሳች። ውሃው ወደ መንገዱ ቦይ ሲወርድ ዋለ። ከሰዓት በኋላ የሞትላሌን የጎማ ቦት አጠለቀች፤ መዶሻና መሮ ያዘች፤ ደረጃውን ወርዳ እስከ ጉልበቷ በሚደርሰው ውሃ ውስጥ እየተራመደች እድፉ ሥር ደረሰች።

በመዶሻው እጀታ አንኳኳችው። ዱባ ይመስል ባዶ ድምፅ ሰጠ። መሮውን አስገብታ አንድ ጊዜ ብትመታው ሰሃን የሚያህል ቀለም ተቀርፎ እጇ ላይ ወደቀ።

ቀለሙ ወፍራም ነበር። በስብራቱ በኩል ስታየው ንብርብሩ ይቆጠራል፤ ነጣ ያለ ሰማያዊ፣ ነጣ ያለ ሰማያዊ፣ አሁንም ነጣ ያለ ሰማያዊ፣ እንዲያ እያለ ይወርዳል። ገለበጠችው። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የኖረው የመጨረሻው ንብርብር ግን ሌላ ሰማያዊ ነበር፤ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ። ያን ቀለም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሽማግሌዎች ዓመት ሙሉ ተከራክረው የመረጡት፣ ከሩቅ ሲያዩት ዓይን የሚያጠብ፣ በከተማው ሁሉ አንድ ጣሪያ ላይ ብቻ ያለ ቀለም ነው።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ ውስጥ የቤት ሲሚንቶ ተጠቅጥቋል፤ በሲሚንቶው መሐል የዛገ ፌሮ ጫፉን አውጥቷል።

ፌንዮ ከሥራ ሲመጣ ገንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቦቱን አላወለቀችም፤ ቅርፊቱ ጭኗ ላይ ነው። ከላይ ሆኖ አያት፣ ቅርፊቱን አየ፣ ቀስ ብሎ ወርዶ ከአንድ ደረጃ በላይ ተቀመጠ።

«የማን ሥራ ነው?» አለች።

ፌንዮ ወደ ስንጥቁ አየ።

«ፌንዮ፣ እየጠየቅኩህ ነው።»

«የአባባ።»

«ቀለሙንስ ያመጣው?»

«አባባ። እኔ መኪናዬን ነው የሰጠሁት። አንደኛው ቆርቆሮ መንገድ ላይ አንጠባጠበ።»

ባሌሴንግ ቅርፊቱን አገላበጠችው። «ይኼ ሁሉ ንብርብርስ?»

«እርስዎ በየመስከረሙ ወደ እናቶች ጉባኤ ይሄዱ የለ? ያን ሳምንት ውሃውን አውርደን እንቀባው ነበር። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ቀለሙን ከሱቅ ነው የገዛነው። ዘንድሮ አባባ የለም። እኔም ብቻዬን ልቀባው ፈልጌ ነበር፣ እርስዎ ግን ጉባኤ አልሄዱም።»

«እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሌባ ስልህ ለምን አልተናገርክም?»

«አባባ አስምሎኝ ነበር።» ፌንዮ የጠቆሩ ጣቶቹን አፍተለተለ። «ደግሞ እማ፣ እርስዎ ሌባ ሳይሉኝ በፊትም ደደብ ይሉኝ ነበር። ብዙም ለውጥ አልነበረውም።»

ይህን ያለው ሊያቆስላት ብሎ አልነበረም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነበር ያለው። ለዚያም ነው የገባላት።

«እኔን ለምን ደበቀኝ? ስንጥቅ ነው፤ ሰው አልገደለ!»

«ግንበኛውን የመረጠው እሱ ነው አሉ። ርካሹን። እርስዎ ‘ይሰነጠቃል’ ብለውት ነበር።»

«ብዬው ነበር!» አለች ባሌሴንግ። ከአፏ አፈትልኮ ነው የወጣው፤ ፊቷም በርቶ ነበር። «በዚች ምላሴ! ይሰነጠቃል ብዬው ነበር!»

ፌንዮ አያት። «አዎ። አባባ የፈራውም ይቺኑ ነበር።»

ፊቷ ላይ የበራው ነገር ጠፋ። ሠላሳ ዓመት ትክክል ሆና ኖራለች፤ ባሏ ይህን ከሚነግራት ከእግዚአብሔር ጣሪያ ቀለም መስረቅ ቀሎት ነበር። ፈሪ፣ አለች በልቧ። ፈሪ ሽማግሌ! ከንፈሯን አጣማ ልትስቅበት ሞከረች። ሳቁ አልመጣላትም፤ አንድን ሰው በየመስከረሙ ጉልበቱ እስኪዝል ግድግዳ የሚያስቀባው ምን ዓይነት ሚስት ብትሆን ነው የሚል ሐሳብ ቀደመው።

«ቀለም መኪናዬ ላይ አለ» አለ ፌንዮ። «ነገ ብቀባው እስከ ቅዳሜ ይደርቃል። ማንም አያውቅም።»

«አይቀባም።»

«እማ...»

«አይቀባም አልኩ!»

ቅዳሜ ሐውልቱ ተገለጠ፤ መዝሙር ተዘመረ፤ ሰዉ ወደ ግቢ ገባ። በድንኳኑ ሥር የተወቀጠ የበሬ ሥጋ ከበቆሎ ገንፎ ጋር እየታደለ፣ የዝንጅብል መጠጥ በጆግ እየዞረ፣ የሁሉም ዓይን ገንዳው ላይ ነበር። ገንዳው ግማሹ ባዶ፣ ጎኑ እንደ ታረደ በሬ የተከፈተ። ሰው ያያል፣ ይጠቃቀሳል፣ ወደ ሳህኑ ያቀረቅራል።

ዝም ማለት ያቃተው የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥ ራ ሴቦጎዲ ነበር፤ አጥንት በሁለት እጁ ይዞ የሚያወራ ወፍራም ሽማግሌ።

«እማ ጎራታ፣ በሟቹ ጊዜ እንዲህ አልነበረም እኮ!» አለ ባሌሴንግን በልጇ ስም እየጠራ። ከዚያ ፌንዮን በአጥንቱ እያመለከተ «ምነው ለአማችሽ ብትነግሪው? እሱ ቀለም የሚገኝበትን ቦታ ያውቅ የለ?»

ድንኳኑ ሳቀ። ፌንዮም እንደ ልማዱ ፈገግ አለ።

ባሌሴንግ ተነሳች። «ራ ሴቦጎዲ፣ አጥንቱን አስቀምጥና ስማኝ» አለች ክፍል ውስጥ በምትናገርበት ድምፅ። «ሁለቱን ቆርቆሮ የወሰደው ፌንዮ አይደለም። አሁን ሐውልቱ ሥር አበባ ያስቀመጣችሁለት ባሌ ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ የጠረጠረ ሄዶ ይይ። ያንን ስንጥቅ እኔን ፈርቶ ሸፈነው፤ እኔ ደግሞ በሱ ፈንታ ይህን ልጅ አሥራ አንድ ዓመት ሰቀልኩት። እናንተም ምስማር አቀበላችሁኝ። በሉ አሁን ብሉ።»

ማንም አልበላም። ራ ሴቦጎዲ አጥንቱን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ኪሱ ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው። ባሌሴንግ ትልቅ ዕዳ እንዳወረደ ሰው ተነፈሰችና ፌንዮን አየችው። ምስጋና ጠብቃ ነበር።

ፌንዮ ፈገግታው ጠፍቷል። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ማን ይንገሩልኝ አለዎት?» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩትን ቃል! መቃብሩ ላይ ያለው አበባ እንኳ ሳይጠወልግ! እኔ ስሜን ተውኩለት፣ እርስዎ ደግሞ ለአንድ ምሳ ጨዋታ አደረጉት!»

ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ፒካፑ ሲነሳ ሁሉም ሰማ። ጎራታ የእናቷን ክንድ ይዛ በጆሮዋ «እማ፣ ከሞተ ሰው ጋር እንኳ መብለጥ አለብሽ?» አለቻትና ባሏን ተከትላ በእግሯ ሄደች።

ሦስት ሳምንት ማንም አልመጣም። የጥር ዝናብ ዘነበበትና ግማሹ ገንዳ እንደገና አረንጓዴ ሆነ፤ የትንኝ እጭ ይርመሰመስበት ጀመር። ባሌሴንግ መሮ ይዛ ብቻዋን ወረደች። ሲሚንቶውን ፈለፈለች፣ ፌሮውን ግን ልትቆርጠው አልቻለችም፤ ሁለት ቀን መጋዝ ስታስኬድ ጥርሱ አለቀ። ከዚያ የእሁድ ልብሷን ለበሰች፣ ታክሲ ተሳፈረች፣ ከተማ ወርዳ አንድም ቀን ረግጣው ወደማታውቀው የፌንዮ መጠገኛ ሱቅ ገባች።

ፌንዮ የተፈታታ ማሽን ላይ አጎንብሶ ነበር። ቀና ብሎ አያትና ጨርቅ አንስቶ እጁን ጠረገ። ወንበርም አወጣላት።

«ተሳስቼ ነበር» አለች ቆማ። «በጠብታውም ተሳስቼ ነበር፣ በቅዳሜውም።»

«በደደቡስ?»

አሰበችበት። ውሸት አታውቅም። «ሦስት ጠርሙስ መዳብ ደፍተሃል እኮ ፌንዮ።»

ፌንዮ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ግን ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። «ደፍቻለሁ» አለ። «ቅዳሜ የብረት መቁረጫ ይዤ እመጣለሁ። አጠገቤ ቆመው ነጥብ የሚሰጡኝ ከሆነ ግን ትቼ ነው የምሄድ።»

መጣ። የዛገውን ፌሮ ከሥሩ ቆረጠ፤ ስንጥቁን ሰፋ አድርጎ ከፈተና ለገንዳ በተሠራ ማጣበቂያ ደፈነ፤ ላዩን ለሰነ። ባሌሴንግ ውሃና ዱቄቱን ለካች። አንዴ «ቀጠነብህ» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው፤ ሁለተኛው ላይ ግን አልቻለችም፣ አለችው። ቀጥኖም ነበር። የከተማው ውሃ በቀጭኑ እየመጣ ገንዳው ለመሙላት ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሁለት ቆርቆሮ ሰማያዊ ቀለም ገዝታ በፌንዮ ፒካፕ ወደ ቤተ ክርስቲያን ላከች፤ ራ ሴቦጎዲ ወጥቶ ተቀበለ፤ ዓይኑን ግን ከቆርቆሮው አላነሳም።

በመጋቢት መጨረሻ፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ በኩል ባለው ጥግ፣ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ የሚያካክሉ ሦስት ጥቁር ነጥቦች ወጡ። ባሌሴንግ ከኩሽና መስኮት አየቻቸውና እሁድ ምሳ ሊበላ የመጣውን ፌንዮን ጠራችው።

«ቆሻሻ ነው» አለ ጎንበስ ብሎ። «ሲጠረግ ይሄዳል።»

«ጥቁር አልጌ ነው። ሥር ይሰዳል። በሽቦ ብሩሽ ካልተቦጨቀ አይለቅም። ምን ዓይነት ዓይን ነው ያለህ?»

«አሥራ ሦስት ዓመት እርስዎን ሲያይ የደከመ ዓይን ነው እማ።»

ባሌሴንግ ቀና ብላ አየችው። አማቿ የመለሰላት የመጀመሪያው ስድብ ነበር፤ ደግሞም መጥፎ አልነበረም።

«ባለጌ!» አለች። «ብሩሹን አምጣና ውረድ።»

«እርስዎ ይውረዱ። ያገኙት እርስዎ ነዎት።»

ጎራታ ሻይ አቅርባ ሁለቴ ጠራቻቸው። አልሰሙም። ገንዳው ዳር ቆመው አንዱ ሌላውን ውረድ እያለ ሲሰዳደቡ ሻዩ ቀዘቀዘ።